ጥቁር ነገር ለምን ጥቁር ሆኖ ይታያል?

ከእንጦጦ ተራራ ሥር፣ በጉለሌ፣ ቀጨኔ የሚባል ሠፈር አለ። የቀጨኔ ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ ናቸው። ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ፣ እንስራው ከእጃቸው ይወጣል። ሸክላው ተደርድሮ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። አንዱ ጀበና ቀይ ነው፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ጭቃቸው ግን አንድ ነው። በአንድ እጅ ተቦክቶ፣ በአንድ እጅ ተድቦልቡሎ የተሠራ ነው። ታዲያ አንዱን ምን አጠቆረው? ቀለም ተቀብቶ ነው እንዳንል፣ ቢታጠብም ቢፈተግም አይለቅም። ቢሰበር እንኳ ብዙ ጊዜ ጥቁረቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገኛል።

የዚህን መልስ ለማግኘት መጀመሪያ ጥቁር ማለት ምን ማለት እንደሆነ መረዳት ይኖርብናል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጥቁር ያው ጥቁር ነው እንላለን። ግን ጠጋ ብለን ስናየው እንዲህ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ማታ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን እናስብ። ነጩ ነጠላ፣ ቀዩ በርበሬ፣ አረንጓዴው ቃሪያ ሁሉም አንድ ይሆናሉ። በርበሬው ቅላቱን የት ጣለው? የትም አልጣለውም። ቀለም በዕቃው ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ዕቃው፣ ብርሃኑና ዓይናችን ሦስቱ ሲገናኙ ነው ቀለም የሚታየን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቀለም የለም።

የፀሐይ ብርሃን ሲያዩት ነጭ ይመስላል። ነገር ግን የብዙ ቀለማት ድብልቅ ነው። በክረምት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ በእንጦጦ አናት ላይ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ ታያላችሁ። ያ ሌላ ምንም አይደለም፤ የዝናቡ ጠብታዎች የፀሐይን ብርሃን ከፋፍለው ሲያሳዩን ነው። አይዛክ ኒውተን የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1660ዎቹ ይህንኑ በቤቱ ውስጥ አድርጎ አሳየ። መስኮቱን ዘግቶ፣ በአንዲት ቀዳዳ የገባችውን ጨረር በሦስት ማዕዘን መስተዋት አሳለፋት። ጨረሯ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆና ተዘረጋች።

እንግዲህ ይህ ድብልቅ ብርሃን በርበሬ ላይ ሲያርፍ፣ በርበሬው አብዛኞቹን ቀለማት ይውጥና ቀዩን ይመልሳል። የተመለሰው ቀይ ዓይናችን ውስጥ ይገባል፤ እኛም በርበሬው ቀይ ነው እንላለን። ጨው ደግሞ ምንም አይውጥም ማለት ይቻላል፤ ሁሉንም ይመልሳል፤ ስለዚህ ነጭ ነው። ከሰልስ? ከሰል የመጣለትን ሁሉ ይውጣል። ቀዩንም፣ ቢጫውንም፣ ሰማያዊውንም። ወደ ዓይናችን የሚመልሰው ጥቂት ነው። ከመቶ እጅ አራት ወይም አምስት ቢሆን ነው። ይህንን ነው ጥቁር የምንለው። ስለዚህ ጥቁር እንደ ቀይና እንደ ቢጫ ወደ ዓይናችን የሚመጣ ብርሃን አይደለም። ሊመጣ ሲገባው መንገድ ላይ የቀረ ብርሃን ነው።

ታዲያ ብርሃን ካልመጣልን ጥቁሩን ጀበና እንዴት እናየዋለን? የምናየው በዙሪያው ያለው ነገር ብርሃን ስለሚልክልን ነው። ግድግዳው ይታያል፣ ረከቦቱ ይታያል፣ ሲኒው ይታያል፤ በመካከላቸው ብርሃን የጎደለበት የጀበና ቅርጽ ያለው ቦታ አለ። እሱን ነው ጀበና የምንለው። በሆዱ ላይ ፈንጠር ብላ የምትታየው ነጭ ነጸብራቅ ደግሞ፣ ለስላሳው ገጽ ብርሃኑን ከመዋጡ በፊት እንደ መስተዋት የመለሳት ናት።

የቀዳዳንም ነገር እናንሳ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። እኩለ ቀን ላይ መንገድ ላይ ቁማችሁ የተከፈተ መስኮት ከሩቅ ተመልከቱ። መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ግቡና እዩ፤ ቤቱ ውስጥ ጥቁር ነገር የለም። ግድግዳው ኖራ የተቀባ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ምንድን ነው? በመስኮቱ የገባው ብርሃን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ወለል ይላተማል። በተላተመ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይዋጣል። በዚያችው በጠባቧ መስኮት ተመልሶ ለመውጣት ዕድል የሚያገኘው በጣም ጥቂቱ ነው። የዓይናችን ብሌንም እንዲሁ ጥቁር የሆነችው ቀዳዳ ስለሆነች ነው እንጂ ጥቁር ነገር ስለሆነች አይደለም። ከእንጦጦ አናት ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከዋክብት መመልከቻ ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የቴሌስኮፕ ቱቦ ውስጡ በጥቁር የሚለበጠው፣ የባዘነ ብርሃን ግድግዳው ላይ ተላትሞ ከኮከቡ ብርሃን ጋር እንዳይቀላቀል ነው። ቱቦው ይውጠውና ነገሩ ያበቃል።

ከሰልም በአንድ በኩል እንደዚያ መስኮት ነው። በጣም ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ጥላሸትም እንደዚሁ ልል ነው። ብርሃኑ በጥቃቅኖቹ መካከል ይገባና ሲላተም ይቀራል። እንደ ፈረንጆች በ2014 በእንግሊዝ አገር አንድ ኩባንያ ከካርቦን የተሠሩ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ቱቦዎችን እንደ ሣር አቁሞ፣ ከመቶ እጅ ከ99.9 በላይ ብርሃን የሚውጥ ልባስ ሠራ። የተጨማደደ ነገር በዚህ ልባስ ሲሸፈን ጭምድዱ አይታይም፤ የተቆረጠ ቀዳዳ ይመስላል ይባላል። ሰው ሲራቀቅ የደረሰበት ነገር፣ ዞሮ ዞሮ ከማድቤታችን ጥቀርሻ የሥጋ ዘመድ መሆኑ ያስገርማል።

የተዋጠው ብርሃንስ የት ይደርሳል? ጠፍቶ አይቀርም። ሙቀት ይሆናል። ይህን በእኛ ቃል ብቻ እንድታምኑ አንፈልግም፤ ሞክሩት። ሁለት ባዶ የወተት ቆርቆሮ ፈልጉ፤ መጠናቸው እኩል ይሁን። ወረቀታቸውን ላጡና አጥባችሁ አብረቅርቋቸው። አንደኛውን ከነክዳኑ በኩራዝ ጢስ እስኪጠቁር አጢሱት። በሁለቱም እኩል ውሃ ሙሉና ክደኗቸው። ነፋስ በማይነካው ቦታ፣ ፀሐይ ላይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት አስቀምጧቸው። ከዚያ ጣታችሁን ክተቱበት። የጠቆረው ቆርቆሮ ውሃ ይበልጥ ሞቆ ታገኙታላችሁ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የተባለው አሜሪካዊ ከ250 ዓመት በፊት ተመሳሳይ ሙከራ ማድረጉን ጽፏል። የተለያየ ቀለም ያላቸውን የጨርቅ ቁራጮች ፀሐይ በመታው አመዳይ ላይ አስቀመጠ። ጥቁሩ ጨርቅ አመዳዩን አቅልጦ ከሁሉም በላይ ወደ ታች ሰመጠ። ነጩ እዛው ላይ ቀረ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሠራውን ነጭ ሸማ ለብሶ በጠራራ ፀሐይ የሚሄድና ጥቁር ካፖርት ለብሶ የሚሄድ ሰው ልዩነቱን ያውቁታል። ዛሬ በየጣራው የምናያቸው ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያወጡ ሰሌዳዎችና ውሃ ማሞቂያዎች የጠቆሩት ለጌጥ አይደለም። ብርሃን የሚመልስ ሰሌዳ ሥራ የፈታ ሰሌዳ ነው።

አሁን ወደ ከሰል እንመለስ። ከሰል የተሠራበት ንጥረ ነገር ካርቦን ይባላል። እንጨት ውስጥ ካርቦን አለ፤ ጤፍ ውስጥ አለ፤ እኛም ውስጥ አለ። እንጨት አየር በበቂ ሳያገኝ ሲቃጠል ውሃውና ሌላው ነገር በጢስ መልክ ይወጣና ካርቦኑ ይቀራል። ማንኛውም ነገር አቶም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። በአቶሞቹ ዙሪያ ደግሞ ከእነሱ በጣም ያነሱ ኤሌክትሮን የሚባሉ አሉ። ብርሃን የሚውጡት እነሱ ናቸው። በርበሬ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ቀለም ይመርጣሉ፤ ይህን እቀበላለሁ፣ ያንን አልቀበልም ይላሉ። በከሰል ውስጥ ግን ከአቶም ወደ አቶም እንደልባቸው ስለሚዘዋወሩ አይመርጡም። የመጣውን እንግዳ ሁሉ ያስገባሉ። አልማዝም እኮ ካርቦን ነው። በአልማዝ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ አጥብቀው ስለታሰሩ ብርሃኑ ሳይነካ ያልፋል። አንዱ በኩንታል ይሸጣል፣ ሌላው በቅንጣት።

አመድ ለምን ነጭ ሆነ የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከአንድ እንጨት ከሰሉ ጥቁር፣ አመዱ ነጭ! ከሰሉ አየር አግኝቶ ጨርሶ ሲነድ ካርቦኑ ከአየር ጋር ተዋሕዶ የማይታይ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። የሚቀረው ዛፉ ከአፈር የመጠጠው ማዕድን ነው። እሱ ደግሞ ብርሃን ይመልሳል።

ከሁሉም የሚደንቀው የኩራዝ ነገር ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ቦታ ስንቱ ሰው በኩራዝና በፋኖስ ፊደል አጥንቷል! ኩራዙ ሲነድ ቢጫ ሆኖ የሚያበራው ምንድን ነው? ጥላሸቱ ነው። በነበልባሉ ውስጥ ጥቃቅን የካርቦን ቅንጣቶች ግለው ያበራሉ። ነደው ያላለቁት ከነበልባሉ ሲወጡ ይቀዘቅዙና መስተዋቱን ያጠቁራሉ። ብርሃን አሳምሮ የሚውጥ ነገር ሲግል ብርሃን አሳምሮ ይሰጣል፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ፍሙን ተመልከቱ፤ ትናንት ጥቁር ከሰል አልነበረም እንዴ?

እንግዲህ የቀጨኔውን ጀበና ለመፍታት ደርሰናል። ሸክላ የሚሠራበት ጭቃ ብረት አለበት። ሸክላው አየር እያገኘ ሲተኮስ ብረቱ ከአየሩ ጋር ይዋሐዳል፤ እንደ ዝገት ይሆናል። ዝገት ቀይ ነው፤ ሸክላውም ይቀላል። ሸክላውን ትኩሱን ከእሳት አውጥተው በገለባ፣ በሰጋቱራ ወይም በቅጠል ሲያፍኑት ግን አየር ያጣል። የታፈነው ቅጠል በደንብ መንደድ ስለማይችል ከባድ ጢስ ይወጣዋል። የጢሱ ካርቦን በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ይቀመጣል። ብረቱም ያለ አየር መልኩ ይለወጣል። ጀበናው ጠቆረ ማለት ነው። ቀለም አልተቀባም፤ ጢስ ጠጣ እንጂ። ማረጋገጥ የሚፈልግ የጥቁር ሸክላ ስባሪ ያንሣና በሚነድ ፍም ውስጥ አየር እየተናፈሰለት ያግለው። ካርቦኑ ነዶ ሲወጣ ስባሪው ወደ ቅላቱ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ የቀጨኔ እናቶች ከእናቶቻቸው በሥራ ተምረውታል። መቼ እንደሚታፈን፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ የቱ ቅጠል እንደሚሻል ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ዕውቀት ያላቸውን ሰዎች ግን አገራችን ለረጅም ዘመን ቡዳ እያለች ስትሰድብና ስታገል ኖራለች። የጠቆረውን ጀበና ቡና አፍልታ እየጠጣችበት! በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልቆመም። ሸክላን የሚያጠቁረው ምትሃት ሳይሆን አየር ያጣ እሳት መሆኑን የተረዳ ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ ለመቀበል ይከብደዋል ብለን እናስባለን።

ምጣድም ዘመዱ ነው። አዲስ ምጣድ እንጀራ ከመጋገሩ በፊት በጎመን ዘር ይሟሻል። ዘይቱ በሙቀት ይቃጠልና ስስ የካርቦን ልባስ ይሆናል። እንጀራው እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ይህ ለስላሳ ጥቁር ልባስ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ከመሟሸት አይድንም።

የቤተ ክርስቲያን ጸሐፍትም በብራና ላይ የሚጽፉበትን ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ያዘጋጁ ነበር። ካርቦን በቀላሉ ከሌላ ነገር ጋር አይዋሐድም፤ ፀሐይም አያነጣውም። የጥንት መጻሕፍት ብራናቸው ቢጫ ሆኖ እንኳ ፊደሉ ጥቁር ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን የምታነቡትም ፊደል የታተመበት ጥቁር ቀለም ዋና ነገሩ ጥላሸት ነው። ጥቁር ሰሌዳና ነጭ ጠመኔ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ናቸው።

ጥቁር ሁሉ ግን ካርቦን አይደለም። ለቤት መሠረት የሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ ጥቁረቱ ብረት ካለባቸው ማዕድናት ነው። ፀጉራችን ያጠቆረው ሜላኒን የሚባል ነገር ነው። ቋንቋችንም ቢሆን በዚህ በኩል ለጋስ ነው። ጥቁር ጤፍ የምንለው በእውነቱ ቡናማ ነው። ጥቁር እንግዳ የምንለውማ ቀይ ሰውም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ማድቤት እንግባ። ይህን ጽሑፍ የጀመርነው ለጀበናው ብቻ ብለን አይደለም። በእንጨት የሚበሰልበትን ማድቤት ጣራ ቀና ብላችሁ እዩ። ጥቀርሻው እንደ ሸረሪት ድር ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ጥቁር ነው። ሰዎች ጢሱ ጣራውን ያጠነክራል፣ ተባይ ያባርራል ይላሉ፤ ከምድጃው በላይ የተሰቀለ የበቆሎ ዘር ነቀዝ አይደፍረውም ይላሉ። ለበቆሎው እውነት ነው። ነገር ግን ከበቆሎው ሥር፣ በዚያው ጢስ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ እንጀራ ትጋግራለች።

የጢሱ ቅንጣት ከፀጉር ውፍረት ብዙ መቶ ጊዜ ያንሳል። አፍንጫ ሊያስቀረው አይችልም። ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። ግድግዳውን ያጠቆረው ካርቦን ሳንባውንም ያጠቁራል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጨት ሲያበስሉ የኖሩ ሴቶችን ሳንባ የመረመሩ ሐኪሞች ሲጋራ በአፋቸው ሳይዞር ሳንባቸው ጠቁሮ ያገኙታል። የጤናማ ሰው ሳንባ መልኩ ወደ ሮዝ ያደላ ነው። ጀበናው ጢሱን በቀዳዳዎቹ እንደጠጣ ሳንባም በቀዳዳዎቹ ይጠጣዋል። ልዩነቱ ጀበና ሳል የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ እንደ ፈረንጆች በ2020 ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሳ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ አጎንብሰው የሚወርዱትን እናቶች የጉለሌ ሰው በደንብ ያውቃቸዋል። ማገዶው በጀርባ ይመጣል፤ ጢሱ በደረት ይገባል። ጢስ የበዛበት እሳት ደግሞ በከንቱ የባከነ ማገዶ ነው። ጥላሸት ማለት ሳይነድ የቀረ ካርቦን ነውና። ምርጥ የሚባለው የተዘጋ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያተርፋል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። ላቀች የሚባለውም የከሰል ምድጃ እንዲሁ ከሰል ይቆጥባል። ይህ ካልተገኘ እንጨቱን ማድረቅ፣ ስንጥር አድርጎ መፍለጥ፣ ከምድጃው በላይ ጢስ መውጫ መክፈት፣ ሕፃኑን ከጀርባ አውርዶ ለሌላ ሰው ማስያዝ ይቻላል። እርጥብ እንጨት የሚጤሰው ሙቀቱ ውሃውን በማድረቅ ስለሚያልቅ ነው። ከሰል ሲሆን ግን አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ከሰል ጢሱ ትንሽ ነው፤ የማይታይ መርዘኛ ጋዝ ግን አለው። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል።

ማድቤታችሁ ምን ያህል ጢስ እንዳለበት ለማወቅ ሐኪም መጥራት አያስፈልግም። አንድ ነጭ የታጠበ ጨርቅ ቅደዱና ለሁለት ክፈሉት። አንዱን በሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ሌላውን ማድቤት ውስጥ፣ ጋጋሪዋ ስትቀመጥ ፊቷ በሚውልበት ቁመት ላይ ስቀሉት። አንድ ሳምንት ይቆይ። ከዚያ ሁለቱን ጨርቆች ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ዘርጉና ባልም ሚስትም ልጆችም ተሰብስባችሁ ተመልከቷቸው።